ከባንክ መስኮት ወደ ሬዲዮ፦ ለቱሉ ዲምቱዋ ጠያቂ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልቤ ግን የቢዝነስና የኢኮኖሚ ዜና የሚያዘጋጅ የሬዲዮ ሰው ወደ መሆን ያዘነብላል። ጋዜጠኝነት አልተማርኩም። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ስለሆነ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹም ከስቱዲዮዎቹም ሩቅ ነኝ። ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ያኖራል ወይ? ባንኩን ልልቀቅ? የድምፅ መቅረጫስ ከአሁኑ ልግዛ?»

ምላሽ፦

ጋሼ ብለሽ ስለጀመርሽ እኔም «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል። በዚህ ሙያ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በጣቢያ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ፣ የአየር ሰዓት ተከራይቼም ሞክሬአለሁ። ሁለተኛው አክስሮኝ ወደ ቅጥር ተመልሻለሁና ምክሬ ውስጥ የከሰረ ሰው ጥንቃቄ ቢበዛ አትፍረጂብኝ። ባንኩን አሁን አትልቀቂ። ሥራውን ግን ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ መለማመድ ትችያለሽ፤ እዚያው ሰፈርሽ፣ ደጃፍሽ ላይ።

ብዙ ሰው አዘጋጅ ሲባል ድምፁን የሚሰማውን ሰው ያስባል። ያ አቅራቢው ነው። አዘጋጁ ዛሬ ስለ ምን እንደሚወራ ይወስናል፤ ማን እንደሚጠየቅ ይመርጣል፤ ይደውላል፣ ይለምናል፤ የተቀረጸውን ይቆርጣል፤ ጽሑፉን ያርማል። ያልተጣራውን ቁጥር ከአየር የሚያስቀረውም እሱ ነው። በትልልቆቹ ጣቢያዎች ይህ ሥራ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። በብዙዎቹ የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ፕሮግራሞች ግን አንዱ ሰው አዘጋጅም፣ አቅራቢም፣ ስፖንሰር ፈላጊም ነው።

የሬዲዮ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰማው። ጋዜጣ አንባቢ ካልገባው ተመልሶ ያነባል። አንቺ አድማጭ የምትዪው ሰው ግን ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቦ ተቀምጧል፤ አንቺ «አሥራ አራት ነጥብ…» ስትዪ ረዳቱ «ሒሳብ!» ይላል፣ ነጥቡ ከነቁጥሩ ጠፋ። ስለዚህ የእኛ ሙያ ሰባ በመቶው ቁጥር መቀነስ ነው። ይህ ሰባም ከራሴ ያወጣሁት ነው፤ ማስረጃ አትጠይቂኝ።

አንድ ስህተቴን ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የመጣውን ወርሃዊ መግለጫ ይዤ «የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» ብዬ አስነበብኩ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ማታ የካ አባዶ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ያለችው የሱቅ ባለቤት ጠበቀችኝ። «አንተ ልጅ፣ ዋጋ ቀነሰ ብላችሁ ነው አሉ! ሰው ሁሉ ዘይት በድሮው ዋጋ ስጪን እያለ ሲሰድበኝ ዋለ» አለችኝ። ልከራከራት ጀምሬ ተውኩት፤ እውነቷን ነበር። አምና በ100 ብር የተገዛ ዕቃ ዘንድሮ 130 ቢገባ ጭማሪው 30 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከ130 ወደ 150 ቢሄድ ጭማሪው 15 በመቶ ገደማ ይሆናል። ግሽበቱ በግማሽ ወረደ፤ ሴትዮዋ ግን ሃያ ብር ጨምራ ነው የምታመጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ ፕሮግራም «ግሽበት ቀነሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን አልፎ አያውቅም። «ዋጋ አሁንም እየጨመረ ነው፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ካለፈው ወር ቀዝቀዝ ብሏል» ይባላል። ይረዝማል፤ ይርዘም።

ሌላው የማልረሳው ቀን ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የፈቀደበትን ቀን አንቺም ባንክ ውስጥ ሆነሽ ሳታስታውሺው አትቀሪም። ዓርብ ዕለት 57 ብር ከ48 ሳንቲም የነበረው ዶላር በንግድ ባንክ ሰሌዳ ላይ 74 ብር ከ74 ሳንቲም ሆኖ ታየ። ስልክ የሚያነሳ ባለሙያ ጠፋ፤ ያነሱትም «ስሜ አይጠቀስ» የሚሉ ነበሩ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ግማሹ ዘገባ «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» ይላል፣ ግማሹ «በ23 በመቶ» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ሰሌዳ የመጡ ናቸው። ዶላሩን ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር በ30 በመቶ ጨምሯል፤ አንድ ብር የሚገዛው ዶላር ደግሞ በ23 በመቶ ቀንሷል። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ይህ የአንደኛ ዓመት ሒሳብ ነው፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ስርጭት ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ግን ሰው ይሳሳታል። እኛ መቶኛውን ጨርሰን ተውነውና እንዲህ አልን፦ «ዓርብ ዕለት መቶ ዶላር ለመግዛት ስድስት ሺህ ብር የማይሞላ ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ወደ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር ይጠይቃል።» ባለሱቋ በዚህ አትጣላኝም።

በዚያው ሳምንት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ያጸደቀው 3.4 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ብዙ ጣቢያ «ኢትዮጵያ 3.4 ቢሊዮን ዶላር አገኘች» አለ። የተፈቀደው በአራት ዓመት የሚለቀቅ ብድር ነው፤ ወዲያው የተለቀቀው አንድ ቢሊዮን ገደማ ነው። «አገኘች» እና «ተፈቀደላት» በሚሉት ቃላት መካከል ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አለ። አዘጋጅ የሚከፈለው ለዚህች ግስ ነው።

ስለ ማጠጋጋት አንድ ምሳሌ ልጨምርልሽ፣ የምወደው ስለሆነ። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ትንሹ 33፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን ነበር። ይህን እንዳለ በሬዲዮ ብታነቢው ሦስት ሦስት ሦስት የሚል ጩኸት ብቻ ይቀራል። የእኛ አቅራቢ «ለመግባት አሥር ሺህ ሊሞላ መቶ ብር የጎደለው ያስፈልጋል፤ ከፍተኛው ደግሞ ሚሊዮን ሊሞላ መቶ ብር የቀረው ነው» ብላ ነገረች። በማግስቱ የታክሲ ረዳቶች ሲከራከሩበት ሰማሁ።

የዘመን አቆጣጠሩ ወጥመድ ደግሞ የእኛው የአገር ልጆች ዕዳ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የአንቺ ባንክ ሒሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 23 ነው፤ የውጭ ተቋማት ሪፖርት በፈረንጅ ዓመት ይመጣል። «የ2017 ዓመት እድገት» የሚል ወረቀት እጅሽ ሲገባ የማን 2017 እንደሆነ ሳታረጋግጪ አታስነብቢ። ሰባትና ስምንት ዓመት ያሳሳቱ ዘገባዎች ሰምቻለሁ፤ አንዱም የእኔ ነው።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ። «ሩቅ ነኝ» ያልሽው ነገር አሳቀኝ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ ራሱ በ1927 ዓ.ም. የሚጀምረው አቃቂ ላይ ከተተከለው ጣቢያ ነው፤ ከደጅሽ እዚያ ድረስ በሁለት ታክሲ ትደርሻለሽ። ቢዝነስ ዘጋቢዎቻችን በአብዛኛው የሚውሉት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ጋዜጣዊ መግለጫ አለ፣ ቡና አለ፣ ፎልደር ይታደላል፣ አንዳንዴ ደግሞ «ለትራንስፖርት» የምትባል ፖስታ ትመጣለች። (ፖስታዋን አትቀበዪ። የምትጽፊው ባይለወጥም፣ የሰጠሽ ሰው ግን ተለውጧል ብሎ ያምናልና በሚቀጥለው ሳምንት ይደውልልሻል።) እዚያ አዳራሽ የሚነገረውን ሁሉም ጣቢያ ይዞታል። የአንቺ ሰፈር ያለውን ግን ማንም አልያዘውም።

እስቲ ዙሪያሽን ተመልከቺ። ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ሲመላለስ የጭነት መኪኖቹ በእናንተ አካባቢ ያልፋሉ። ሹፌሮቹ ምሳ የሚበሉባቸው ቤቶች አሉ፤ ነዳጅ ሲጠፋ፣ ወደብ ላይ ዕቃ ሲከማች፣ የጭነት ዋጋ ሲጨምር መግለጫው ከመውጣቱ በፊት እዚያ ይወራል። የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅርብሽ ነው። ከአራዳ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም በ2013 ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ የተዛወረው አትክልት ተራም ያለው በዚያው በደቡቡ ጫፍ ነው።

ለመለማመጃ የምሰጥሽ ሥራ ይኸውና። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተከተዪ። ንጋት ላይ ኃይሌ ጋርመንት በኪሎ ስንት ወጣ? የወዛደር፣ የመኪና፣ የብልሽት ስንት ተጨመረበት? ቱሉ ዲምቱ ጉልት ላይ ስንት ተሸጠ? ልዩነቱን ማን ወሰደው? መልሱ ሁልጊዜ «ደላላ» አይደለም። ዘጋቢዎች ደላላን እንደ ሰይጣን የሚጠሩት ስሌቱን ለመሥራት ሲሰንፉ ነው። አንዳንዴ ልዩነቱን የበላው የበሰበሰው ሽንኩርት ነው፣ አንዳንዴ ኮረኮንቹ ነው፣ አንዳንዴ እውነትም ደላላው ነው። ስትጠይቂ ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ቢያንስ ሦስት ሻጭ ጠይቂ፤ አንዱ ጋዜጠኛ መሆንሽን ሲያውቅ ይቀንሳል፣ ሌላው ቀረጥ ሰብሳቢ መስለሽው ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ዓይነቱን አትቀላቅዪ። ባለፈው ወር የማኛ ጤፍ ዋጋ ይዘሽ በዚህ ወር ከሰርገኛው ጋር ብታወዳድሪ «ጤፍ ረከሰ» ብለሽ ትገቢያለሽ፣ ሕዝቡም ይስቅብሻል።

ደግሞ አንቺ ሌሎቻችን የሌለን ነገር አለሽ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ስለ ገንዘቡ ምን እንደማይገባው በመስኮት ሰምተሻል። በሐምሌ 2017 የደመወዝ ገቢ ግብር ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ቂሊንጦ የምትሠራ ልጅ ግን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው፦ «ደመወዜ ከ4,000 ብር ካለፈ ሁሉም በ20 በመቶ ይቆረጣል፣ ጭማሪው ይቅርብኝ» ትላለች። አይደለም። 4,100 ቢሆን 20 በመቶው የሚነካው ያንን ትርፍ መቶ ብር ብቻ ነው፤ ሃያ ብር ከፍላ ሰማንያ ብር ይዛ ትሄዳለች። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ዘገባ ነው። ከሚኒስትሩ የሃያ ደቂቃ ንግግር ይልቅ ለአድማጭ ይጠቅማል፤ የሚያዘጋጀው ሰው ግን ያ ጥያቄ መኖሩን ማወቅ አለበት፣ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ አይሰማም።

ያኖራል ወይ? እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር።

ሁለት በር አለ። አንዱ በጣቢያ መቀጠር ነው። ደመወዙን ከባንክ ደመወዝ ጋር፣ በተለይ ከጥቅማ ጥቅሙ ጋር አታወዳድሪው፤ ይከፋሻል። ጥሩ ጎኑ ወር ሲደርስ መምጣቱና ስፖንሰር ፍለጋ አለመዞርሽ ነው። ሁለተኛው በር ተባባሪ አዘጋጅ መሆን ነው፦ ከጣቢያው የአየር ሰዓት ትከራያለሽ፣ ፕሮግራሙን ራስሽ ታዘጋጃለሽ፣ ማስታወቂያና ስፖንሰር ራስሽ ታመጫለሽ፣ የተረፈው ያንቺ ነው። ከውጭ ሲታይ ነፃነት ይመስላል። የአየር ሰዓቱ ኪራይ ግን ስፖንሰሩ ከፈለም አልከፈለም በወሩ ይጠየቃል፤ ስፖንሰሩ ደግሞ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ «ፋይናንስ ክፍል ነው ያለው» እያለ ሁለት ሦስት ወር ያቆይሻል። እኔን የጣለኝ ይህ የሁለት ወር ክፍተት ነው፤ ፕሮግራሙ እየተደመጠ ሞተ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ቢራ ፋብሪካዎቹ ያዋጡት የነበረው ገንዘብ አብሮ ወጣ። ለጤናው መልካም አዋጅ ነው፤ የብዙ ፕሮግራም ኪስ ግን ተራቆተ። ለቢዝነስ ፕሮግራም የቀሩት እነማን ናቸው? ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ ቤት አልሚዎች፣ አስመጪዎች። አየሽው? ስለ እነሱ ልትዘግቢ የተነሳሽባቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

የአየር ሰዓት ተከራይቼ በነበረበት ጊዜ አንድ ቤት አልሚ ድርጅት ስፖንሰሬ ነበር። አድማጮች «ከፍለን ቤታችንን በጊዜው አልተረከብንም» እያሉ ይደውሉ ጀመር። አጣርተን ዘገባውን ሠራን። ከስርጭቱ በፊት ማታ ተደወለልኝ፤ ጨዋ ድምፅ ነበር፣ ማስፈራራት የለውም፣ «ውሉን እንደገና እናያለን» ብቻ አለ። አስተላለፍነው፤ ሄዱ። የሦስት ወር ኪራይ ዕዳ ጀርባዬ ላይ ቀረ። ጀግና ለመምሰል ብቻ ይህን ብነግርሽ ውሸታም እሆናለሁ፤ ከዚያ በፊት ሌላ ስፖንሰር ላይ እንዲህ ያለ ነገር መጥቶ ዝም ብያለሁ። «ማስረጃው አልበቃም» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ማስረጃው በቂ ነበር። ስለዚህ አንቺ አንድ ቀን የአየር ሰዓት የምትከራዪ ከሆነ፣ የስድስት ወር ኪራይ በእጅሽ ሳይኖር፣ ከስፖንሰሮችሽም አንዱ ብቻውን ከወጪሽ ሲሶ በላይ እየሸፈነ አትጀምሪ። ይህ ሲሶ የሚባለው ነገር ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ ዕዳዬን ቁጭ ብዬ ሳሰላ ያገኘሁት ነው።

ጋዜጠኝነት አለመማርሽ ብዙ አያስጨንቅሽ። ዓረፍተ ነገር ማሳጠርና ሰው መጠየቅ በሥራ ላይ በአንድ ዓመት ይለመዳል፤ የሒሳብ ሚዛን ማንበብ ለማያውቅ ሰው ማስተማር ግን አድካሚ ነው። ባንኮች በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠሩ «ትርፋችን በዚህ ያህል አደገ» ይላሉ፤ ያ ትርፍ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ አክሲዮኑ ስለበዛ የአንዱ አክሲዮን ድርሻስ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ የሚጠይቅ ዘጋቢ ስንፈልግ እንቸገራለን። የብሔራዊ ባንክን የሩብ ዓመት ሪፖርትና ነጋሪት ጋዜጣን ማንበብ ልመጂ። አሰልቺ ናቸው፤ ስለሚያሰለቹም ዜናው እዚያ ውስጥ ሳይነካ ይቆያል።

ባንክ እያለሽ መሥራት የምትችይው ምንድን ነው? አንድ ጣቢያ ያለ የኢኮኖሚ ፕሮግራም አዘጋጅ ዘንድ ሄደሽ በሳምንት አንድ የሦስት ደቂቃ የገበያ ዘገባ ላቅርብ በዪ። ገንዘብ አትጠይቂ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ማለቴ ነው፣ ከዚያ በኋላ ጠይቂ። ቅዳሜ ባንክ ስለምትውዪ እሁድ ገበያው ይበቃሻል። ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ከአለቃሽ የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ፤ ስለ ራስሽ ባንክም አትዘግቢ፣ በመስኮት ያየሽውን የደንበኛ ሒሳብ ደግሞ በምሳሌ መልክ እንኳ አታንሺ፤ ሙያሽም ሕጉም አይፈቅድልሽም። ሌላው፣ በሠራተኛ ወለድ የወሰድሽው የቤት ወይም የሌላ ብድር ካለ ከመልቀቅሽ በፊት ውሉን አውጥተሽ አንብቢ። ስትለቂ ወለዱ ወደ ገበያው ይመለሳል የሚል አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል፤ ያኔ የወር ክፍያሽ ከጣቢያ ደመወዝሽ በልጦ ይጠብቅሻል። አንድ ባልደረባዬ ይህን ያወቀው የስንብት ደብዳቤውን ካስገባ በኋላ ነው።

መቅረጫ አትግዢ። ያለሽ ስልክ ይበቃል። ገበያ ውስጥ ስልኩን ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር አርቀሽ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርገሽ ያዢው፤ ከነፋስ ለመከላከል ቀጭን ካልሲ አልብሽው። ከመጠየቅሽ በፊት የገበያውን ድምፅ ብቻውን አንድ ደቂቃ ቅጂ፤ ስትቆርጪ ክፍተት መሙያ ይሆንሻል፣ ይህን ሁሉም ጀማሪ ይረሳዋል። የራስሽን ንባብ ኮንዶሚኒየም ክፍል መሀል ቆመሽ አትቅጂ፣ ግድግዳው ያስተጋባል። የልብስ ቁም ሣጥን ከፍተሽ ፊትሽን ወደ ልብሱ አዙሪ፣ ብርድ ልብስ ትከሻሽ ላይ ጣዪ፣ ከላይ ያሉት ጎረቤቶችሽም እስኪተኙ ጠብቂ። የሽንኩርቱን ዘገባ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ከሦስት ደቂቃ ካለፈ ግን አልሰማውም፣ አሳጥረሽ እንደገና ትልኪዋለሽ።